ስለ ዘፈን ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ስለ ሴት ድምፅ

በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፥ ጀሞ በተባለው ሰፈር የሚኖር ሰው በየዓመቱ በክረምቱ መጨረሻ ሁለት ዓይነት የልጆች ዘፈን ከበሩ ላይ ይሰማል። በነሐሴ ወር በቡሄ ሰሞን ወንዶቹ ልጆች በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፥ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹን ደረጃ እስከ ላይኛው ፎቅ እየወጡ፥ በየበሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ በዘመን መለወጫ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው በዚያው ደረጃ አበባየሆሽ እያሉ ይወጣሉ። ወንዶቹ በሴቶቹ ቀን አይዘፍኑም፤ ሴቶቹም በወንዶቹ ቀን ዝም ይላሉ። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚጠይቅ ልጅ አላየሁም። ከዛሬ ሃያ ዓመት ወዲህ በእርሻና በግጦሽ መሬት ላይ በተሠራ ሰፈር፥ ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣ ሕዝብ በአንድ ደረጃ በሚወጣበትና በሚወርድበት ስፍራ፥ ይህ አሮጌ ደንብ ሳይፈርስ መገኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን ከሴቶቹ ልጆች ኋላ አንዲት ወጣት በእጅ ስልኳ ሥዕላቸውን ታነሣ ነበር። ይህችን ወጣት አውቃታለሁ፤ ወደ ኋላ ስለ እርሷ ጥቂት እናገራለሁ። አስቀድሜ ግን እርሷ የገባችበት ሥራ፥ ማለት ወጣቶቻችን «ክሊፕ» እያሉ የሚጠሩት የዘፈን ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ በሀገራችን ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደ ደረሰና በውስጡም ሴትና ወንድ በምን መልክ ሲታዩ እንደ ኖሩ መመርመር ያስፈልጋል።

ካሜራ ከመምጣቱ በፊት ድምፅ በኢትዮጵያ ተከፋፍሎ የተሰጠ ነገር ነበር። ፉከራው፥ ቀረርቶውና ሽለላው የወንዱ ነው፤ እሹሩሩው፥ የሠርጉ ዘፈንና ሙሾው በአብዛኛው የሴቲቱ ነው። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የአልቃሽዋን ሥልጣን ልብ ማለት ይገባል። አልቃሽ በለቅሶ ድንኳን መካከል ቆማ ሟቹን ስታወድስ፥ በቋሚዎቹ ላይ ደግሞ በሰምና ወርቅ የተሸፈነ ነቀፋ ልታወርድ ትችላለች፤ ስስታሙን ወንድም፥ ያልጠየቀውን ዘመድ፥ የሸሸውን ጓደኛ። የተነካውም ሰው በአደባባይ መልስ ለመስጠት አይችልም። በአዝማሪም ቤት ባል ማሲንቆውን ሲመታ ሚስት ግጥሙን ስታወጣ ማየት የተለመደ ነበረ። አዝማሪነት የክብር ስም አልነበረም፤ ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር የሚፈቅድ ባላባት አይገኝም ነበር። ሆኖም ሰው አዝማሪቱን ቢንቃትም ምላሷን ይፈራው ነበር። በአሮጌው ዘመን የሴት ኃይል በዘፈን ውስጥ የነበረው ከመልኳ ይልቅ በአንደበቷ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሲኒማ ወደ ከተማችን በገባበት ዘመን ሕዝቡ ሥዕሉ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስናነብ አባቶቻችንን እንስቅባቸዋለን። ነገር ግን የራሱ ያልሆነ ጥላ ሰውን መስሎ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው ፍርሃቱ ያለ ምክንያት ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ በዘመናችንም አንዲት ልጅ ለሁለት ደቂቃ የተነሣችው ሥዕል ዕድሜዋን ሙሉ ሲከተላት እናያለን።

በመድረክ በኩል የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. በተቋቋመ ጊዜ፥ ከዚያም ወዲህ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት፥ በቴአትር የሴቶችን ክፍል የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች ይጫወቱት እንደ ነበር የታወቀ ነው። ሴት ልጅ በአደባባይ ቆማ መታየቷ እንደ ነውር ይቈጠር ስለ ነበረ፥ የሴትን መልክ የሚያሳየው ወንድ ነበር ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ «ዳዊትና ኦርዮን» በተባለው ድርሰት በተከፈተበት ዘመን ግን ነገሩ እየተለወጠ ሄዷል። ከእነዚያ ዘመን ሰዎች አንዷ የሆነችው አስናቀች ወርቁ በተዋናይነትም፥ በዘፋኝነትም፥ በክራር መቺነትም ስሟን ተክላ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዚህ ዓለም ተለይታለች። በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ብዙነሽ በቀለ፥ በፖሊስ ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ሂሩት በቀለ የወንድ ወታደሮች በሞሉበት ጓድ ፊት ቆመው ይዘፍኑ ነበር። እነዚህ ሴቶች ቍጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ስማቸውም በሰፈር ወሬ ሳይነካ አልቀረም። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የቆሙት ለመዝፈን ነበር።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር ያነሣቸው የዘፈን ሥዕሎችም ይህንኑ የመድረክ ልማድ የተከተሉ ነበሩ። ጥቍርና ነጭ በሆነው ሥዕል ውስጥ የሙዚቃው ጓድ ተደርድሮ ይታያል፤ ዘፋኙ ወይም ዘፋኚቱ በድምፅ ማጉያው ፊት ይቆማሉ፤ ካሜራውም እንደ አንድ ጨዋ ተመልካች ከሩቅ ሆኖ ይመለከታል። በዚያው በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ረዥም ፊልም ለሕዝብ መታየቱን ስናስታውስ ደግሞ ስሙን ልብ እንላለን። ስሙ «ሂሩት አባቷ ማነው» ነበር። ተንቀሳቃሹ ሥዕል በአማርኛ ረዥም ታሪክ መናገር ሲጀምር በመጀመሪያ ያነሣው ጥያቄ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ማን ነው የሚል ሆነ።

በውጭው ዓለም በኩል ነገሩ ከዚህ በፊት የተጀመረ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 በአሜሪካ ሳንቲም ሲጨመርበት የዘፈን ፊልም የሚያሳይ መሣሪያ በየመጠጥ ቤቱ ይቆም ነበር፤ ፊልሞቹም «ሳውንዲ» ይባሉ ነበር። በ1960 ፈረንሳዮች «ስኮፒቶን» ብለው ሌላ ሠሩ። በሁለቱም መሣሪያዎች ደንበኛው በአብዛኛው ብርጭቆውን የያዘ ወንድ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ ከዘፈኑ ይልቅ ለደናሾቹ ገላ መጨነቃቸው አያስደንቅም። በነሐሴ 1981 በአሜሪካ ቀንና ሌሊት የዘፈን ሥዕል ብቻ የሚያሳየው «ኤም ቲቪ» ሲከፈት ይህ ልማድ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ ሰብ ሳሎን ገባ። ከዚያም በፊት በ1975 ሎራ መልቪ የተባለች እንግሊዛዊት ሊቅ በታወቀ ጽሑፍዋ፥ በሲኒማ ውስጥ ካሜራው በወንድ ዓይን እንደሚያይና ሴቲቱ ለመታየት ብቻ እንደምትቀመጥ አስረድታለች። ጽሑፍዋ የሆሊውድን ፊልም የሚመለከት ቢሆንም ወደ እኛ ሀገር ክሊፕ ሲመጣ የሚጠቅም መነጽር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። መልቪ ስለ ዓይን ተናገረች፤ የእኛ ሀገር ነገር ግን ከዓይን ይልቅ ስለ ድምፅ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። በአብዮቱ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ወንዱም ሴቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ይዘፍን ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተጓዘው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጓድም በዚያ ዘመን የተነሣ ነው። ቴሌቪዥናችን በ1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት ወራት ባለ ቀለም ሆነ። ቀለም ሲመጣ የጥበቡ ቀሚስ ጥለት፥ የመናፈሻው አበባ፥ የፏፏቴው ውኃ ለዓይን የሚያስጎመጁ ሆኑ፤ የቀረጻው ሥራም ከስቱዲዮ ወደ ሜዳ ወጣ። ቀጥሎም የቪዲዮ ካሜራ ዋጋው እየቀነሰ ሄዶ በግል ሰዎች እጅ ገባ። በዚህ ጊዜ በሥዕሉ ውስጥ አንዲት አዲስ ሴት ታየች። እርሷም የማትዘፍነው ሴት ናት። ወንዱ ስለ ዓይኗ፥ ስለ አንገቷና ስለ ጥርሷ ይዘፍናል፤ እርሷ ከዛፍ ሥር ተቀምጣ ትስቃለች፥ ትሽኮረመማለች፥ ጠጕሯን ትነካለች፥ ወደ ሩቅ ትመለከታለች። አንዲት ቃል አትናገርም። የአልቃሽዋ ልጅ፥ የአዝማሪቱ ልጅ፥ በመጨረሻ በካሜራ ፊት ስትቆም ዲዳ ሆና ተገኘች።

ይህ የሆነው በክፉ አሳብ ነው አልልም። እንደሚመስለኝ ዋናው ምክንያት የሥራው ትምህርት የተገኘበት ስፍራ ነው። ከቴሌቪዥን መሥሪያ ቤት ውጭ ካሜራ መያዝ የተማሩት አያሌ ባለሙያዎቻችን ትምህርት ቤታቸው ሠርግ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮችን ተከትለው ከቤት ወደ መናፈሻ ይሄዳሉ፤ ከእኛ ሰፈር የማይርቀው የብሔረ ጽጌ መናፈሻ ለዚህ ሥራ ዕውቅ ነው። በዚያም ሙሽራይቱን «ቀና በይ፤ ፈገግ በይ፤ አበባውን ወደ ደረትሽ አድርጊ፤ አሁን ቀስ ብለሽ ዙሪ» ይሏታል። ሙሽራ በባህላችን ዝም የምትል፥ ዓይኗን የምትሰብር ናት፤ በሠርጓ ቀን የምትለፈልፍ ሙሽራ አትመሰገንም። ይኸው የሠርግ ቀራጭ ሰኞ ዕለት ክሊፕ ሥራ ሲባል የሚያውቀውን ይዞ ሄደ። በ1990ዎቹ በሲዲ ተቀድተው በየሱቁ ይሸጡ ከነበሩት የዘፈን ሥዕሎች ብዙዎቹን ድምፁን አጥፍቶ የተመለከተ ሰው፥ የሠርግ ቪዲዮ እንደሚያይ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከሥራው ብልሃት የሚመጣ ነው። የዘፈኑ ድምፅ አስቀድሞ በስቱዲዮ ተቀርጾ ያለቀ ስለ ሆነ፥ በቀረጻው ቀን ዘፈኑ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል፤ ዘፋኙም አፉን ከድምፁ ጋር እያስማማ ያንቀሳቅሳል። አንዱ ዘፈን አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም ይደገማል፤ አንድ ጊዜ ከሩቅ፥ አንድ ጊዜ ከቅርብ፥ አንድ ጊዜ ከጎን ይነሣል፤ በኋላ ቍርጥራጩ በከበሮው ምት ልክ ይጋጠማል። በዚያ ሜዳ ላይ የማንም ሰው እውነተኛ ድምፅ አይቀረጽም። ስለዚህ ሴቲቱ ብትናገርም ባትናገርም ለቀራጩ ለውጥ አያመጣም፤ የሚፈለገው መልኳ ነው።

ተማሪዎች ይህን የሥራ ብልሃት ሲማሩ እንደ ሂሳብ ደንብ አድርገው መቀበላቸው ያሳዝነኛል። ወንዱን ዘፋኝ ከታች ወደ ላይ አንሣው፤ ግዙፍ ይሆናል። ሴቲቱን ከጫማዋ ጀምረህ ቀስ እያልህ ወደ ፊቷ ውጣ፤ ተመልካቹ ይጓጓል። ብርሃኑን በእርሷ ላይ አለስልሰው፤ በእርሱ ላይ አጠንክረው። እነዚህ ሁሉ ምርጫዎች ናቸው እንጂ ደንብ አይደሉም። ካሜራው ከሰው ቁመት በታች ሲወርድ የቆመውን ሰው እንደሚያገንነው እውነት ነው፤ ማን ይገንን የሚለውን ግን መነጽሩ አይወስንም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት በሚል ስም ትምህርት የሚሰጡ መምህራን አንዱን ክሊፕ ድምፁን አጥፍተው፥ ቀጥሎም ሥዕሉን ሸፍነው ድምፁን ብቻ ለተማሪዎቻቸው ቢያሰሙ፥ ከአንድ ሰዓት ንግግር የበለጠ ያስተምራሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ወንዱም መልክ መናገር ይገባል፤ እርሱም ቢሆን ነፃ አልወጣምና። በባህል ዘፈኖቹ ጋሻ ወይም ጠመንጃ ይዞ የማይፎክር ወንድ አይታይም፤ በከተማው ዘፈን ደግሞ የራሱ ባልሆነ መኪና ተደግፎ የሚቆም ነው። (መኪናው በሰዓት የተከራየ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።) የሀገራችን ዘፈን ግን ለወንድ አንድ ትልቅ ነፃነት ሰጥቶት ነበር፤ በትዝታ ዜማ ወንዱ ሳያፍር ያለቅሳል። በየትኛውም አደባባይ ማልቀስ የተከለከለ ሰው በዘፈን ውስጥ ተፈቅዶለት ነበር። ይህ የሚያለቅሰው ወንድ በክሊፕ ውስጥ እየጠፋ፥ መኪና የተደገፈው እየበዛ መሄዱ እንደ ትንሽ ኪሳራ የሚቈጠር አይደለም።

ይህን መልክ አስቦ ለመለወጥ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የታወቀው «የኛ» የተባለው የአምስት ወጣት ሴቶች ጓድ ነው። በ2005 ዓ.ም. በሬዲዮ ድራማና በዘፈን ተጀመረ፤ ድራማው በሸገር ኤፍ ኤምና በአማራ ክልል ሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። አምስቱ ልጆች የተለያየ ኑሮ ያላቸውን አምስት ልጃገረዶች ሆነው ይጫወታሉ። ዘፈኖቻቸውም ያለ ዕድሜ ጋብቻን፥ በልጃገረዶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት፥ የጓደኝነትን ጥቅም የሚናገሩ ናቸው። ከእነርሱም «ጣይቱ» በተባለው ዘፈን አስቴር አወቀ አብራቸው ዘፍናለች። በእነዚህ ክሊፖች ሴት ልጅ ለመታየት ብቻ አልቆመችም፤ አምስቱም ይዘፍናሉ፥ ይናገራሉ፥ ካሜራውንም ፊት ለፊት ይመለከቱታል። ለብዙ ልጃገረዶች ይህን ማየታቸው ቀላል ነገር እንዳልነበረ አልጠራጠርም።

ነገር ግን የሥራው ገንዘብ የመጣው በአብዛኛው ከእንግሊዝ መንግሥት እርዳታ ነበር። በእንግሊዝ ሀገር አንዳንድ ጋዜጦች ግብር ከፋዩ ለኢትዮጵያ ዘፋኞች ለምን ይከፍላል እያሉ ዘመቻ ከፈቱ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ የልማት ተራድኦ መሥሪያ ቤት እርዳታውን ማቋረጡን አስታወቀ። ጋዜጦቹ ጓዱን በእንግሊዝ ከነበረ የሴት ዘፋኞች ጓድ ጋር እያመሳሰሉ ሲያፌዙ፥ ዘፈኖቹ የሚናገሩትን ነገር ለማዳመጥ አማርኛ የሚያውቅ ሰው የፈለጉ አይመስልም። እኔም በበኩሌ በጓዱ ሥራ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ መልእክቱ አንዳንድ ጊዜ ከዘፈኑ ቀድሞ ይደርሳል፤ የአልቃሽዋ ሰምና ወርቅ በውስጡ አይገኝም። ቢሆንም በሀገራችን የአንዲት ልጃገረድ ድምፅ ይሰማ ወይስ አይሰማ የሚለው ጉዳይ በለንደን ከተማ ጋዜጣ መወሰኑ እስከ ዛሬ ይቈጨኛል።

ከካሜራው ኋላ ስለ ቆሙት ሴቶች ስንናገር ግን ተስፋ የሚሰጥ ነገር እናገኛለን። ሳሌም መኩሪያ በውጭ ሀገር ሆና የአብዮቱን ዘመን ኀዘን በዘጋቢ ፊልም አሳይታለች። ቅድስት ይልማ በ«ረቡኒ» ፊልሟ ስሟ ታውቋል። ራሔል ሳሙኤል ደግሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ስለ አስናቀች ወርቁ ዘጋቢ ፊልም ሠርታለች። በዚህ ፊልም ሴት ዘፋኝን ሴት ቀራጭ ስትመለከታት እናያለን፤ አስናቀችም በእርጅናዋ ዘመን እንደ ልቧ እየቀለደችና እየተቈጣች ስለ ራሷ ትናገራለች። በክሊፕ ሥራ በኩል ግን ካሜራውን የያዘችው ሴት ዛሬም እንግዳ ናት፤ ለዚህም ወደ ጀሞ ልመለስ።

በመግቢያዬ ያነሣኋት ወጣት የጎረቤቴ ልጅ ናት። አባቷ በጡረታ ያሉ ደግ ሰው ናቸው፤ ከዚያች ጡረታ ላይ ቈጥበው በአንድ ማሠልጠኛ ቤት የቪዲዮ ቀረጻ አስተማሯት። ትምህርቷን በደንብ ጨረሰች። የመጀመሪያ ሥራዋ የአንድ ጀማሪ ዘፋኝ ክሊፕ ነበር፤ እርሷም የሄደችው ሁለተኛውን ካሜራ ልትይዝ ነው። በዚያ ቀን ሞዴል የተባለችው ልጅ ቀረች። አዛዡም «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ፤ ካሜራውን ለእርሱ ስጪውና ከፊት ቁሚ» አላት። እምቢ ብትል የቀኑ ሥራ ሊቀር፥ ሁሉም ያለ ክፍያ ሊመለስ ሆነ። ቆመች። ለመቆሟም የተከፈላት ለካሜራ ሥራ ከተነገራት የበለጠ ነበር፤ ይህን ስትነግረኝ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት ይኸው መሆኑን ተረዳሁ።

ሥዕሉ ከወጣ በኋላ አንድ የሰፈር ሰው በስልኩ ለአባቷ አሳያቸው። በዚያ ክሊፕ ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ ቍርጥራጮች እርሷ ራስዋ ጠዋት ያነሣቻቸው ናቸው፤ ይህን ግን ማንም አያይም፤ የሚታየው ከጫማዋ ጀምሮ ወደ ላይ የወጣው ሥዕል ብቻ ነው። አባቷ ብዙ ወር ካሜራ ይዛ ከቤት እንዳትወጣ ከለከሏት። እኔ ለማስታረቅ ብሄድ «እኔ ልጄን እንድታይ አስተማርኋት እንጂ እንድትታይ መች አስተማርኋት?» አሉኝ። የምመልስላቸው ነገር አልነበረኝም፤ በእርሷ ላይ መፍረዳቸው ልክ አልነበረም፤ በሥራው ላይ የፈረዱት ፍርድ ግን እኔ በዚህ ጽሑፍ ካልሁት የራቀ አይደለም።

ባለፈው የዘመን መለወጫ ዋዜማ ልጆቹ አበባየሆሽ እያሉ ወደ እኛ ፎቅ ሲወጡ ያች ወጣት ከኋላቸው መጣች። ስልኳን በራስዋ ቁመት ልክ አልያዘችውም፤ ደረጃው ላይ ተንበርክካ በልጆቹ ደረት ልክ ይዛው ነበር። አንዷ ትንሽ ልጅ ታወጣለች፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ምንም የተዘጋጀ ድምፅ አልተለቀቀም፤ የተቀረጸው በዚያ ሰዓት ከልጆቹ አፍ የወጣው፥ ከግድግዳው ጋር የተጋጨው፥ ሳልና ሣቅ የተቀላቀለበት ድምፅ ነው። አባቷ በራቸውን ከፍተው ለልጆቹ ገንዘብ ሊሰጡ ሲወጡ ከአውጪዋ ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ።

«አባዬ፥ ትንሽ ወደ በሩ ጠጋ በል፤ ልጅቱን ከለልህብኝ» አለቻቸው።

እርሳቸውም ጠጋ አሉ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም ድረስ ገንዘቡን በእጃቸው እንደ ያዙ ቆዩ።